ሞራ ያጣ ሶዳ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን የትምህርት ቤታችን ወጣት መምህራን ሰብሰብ ብለው ሸኙኝ። ኬሚስትሪውን ከእኔ የተረከበው ልጅ ስልኩን አውጥቶ «እትዬ ዘነበች፣ አሁን እኮ ቁጥሩን መስጠት ብቻ ነው፤ ስንት ግራም ምርት እንደሚወጣ እሱ ይነግረናል» አለኝ። ሞከርኩት፤ እውነቱን ነው። እኔ ሙሉ ሰሌዳ ጠመኔ የምጨርስበትን ስሌት፣ ገና መነጽሬን ሳላስተካክል ጨረሰው። ደስም አለኝ፣ ትንሽም ቀናሁ። «ስንት ጎላ ላይ እንደምትሠራ ይጠይቅሃል?» አልኩት። ልጁ እርጅና የተጫነኝ መሰለው መሰለኝ፣ ሳቅ ብሎ ኬክ ጨመረልኝ። ይህን የምጽፈው ለሱ መልስ እንዲሆን ነው።

ደሴ ተወለድኩ፣ እዚያው መምህርነት ሠለጠንኩ፣ መጀመሪያ አቀስታ ተመደብኩ። የአቀስታን ብርድ የማያውቅ ሰው፣ ጠዋት ጠዋት ጣት ለጠመኔ አይታዘዝም ቢባል አያምንም። የዚያን ጊዜው አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን የኬሚካሉን ቁም ሳጥን ቆልፈው ቁልፉን ከአንገታቸው አይለዩትም። «ካለቀ ማን ይተካዋል?» ይሉኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ አሲድ ሳላሳይ ስለ አሲድ አስተማርኩ። ተማሪዎቼ ቀመሩን እንደ ዳዊት ይደግሙታል፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አያውቁም። እውነቱን ለመናገር እኔም ከነሱ የምሻለው በጥቂቱ ነበር። ከዚያ ወደ መካነ ሰላም ተዛወርኩ። የዝውውሩ ደብዳቤ ከእኔ ወር ዘግይቶ ስለደረሰ፣ ያን አንድ ወር ያስተማርኩት በወረቀት ሳይሆን በሰው እምነት ነው።

ያመነኝ ሰው ጋሽ ይመር ነበሩ። ከእኔ በፊት ለብዙ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ የጋዋናቸው ክርን በሰማያዊ ጨርቅ የተጣፈ ሰው ናቸው። ይመር የሚለውን ስም በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያወጣዋልና፣ ሰው ሃይማኖታቸውን ሲጠይቃቸው «አባቴ መስጊድ፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን፣ እኔ ላቦራቶሪ» ብለው ያሾፋሉ። እንደሱ ይበሉ እንጂ ሶላታቸውን የማያስታጉሉ ሙስሊም ነበሩ።

የሳቸውን ልማድ ለመጻፍ ብቻ አንድ መጽሐፍ አይበቃኝም። የኬሚካል ጠርሙስ ክዳኑን ሳይመልሱ አፋቸውን ለንግግር አይከፍቱም። ብርጭቆ ሲያጥቡ ሦስቴ ነው፤ ጮክ ብለው እየቆጠሩ። «የመጀመሪያው ውኃ ለቆሻሻው፣ ሁለተኛው ለጥርጣሬው፣ ሦስተኛው ለእኔ» ይላሉ። ሚዛናችን ከአንድ ሱቅ የተዋስነው ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ነበር። ጋሽ ይመር ማንኛውንም ነገር አንዴ በቀኙ ሳህን፣ አንዴ በግራው አድርገው ሁለት ጊዜ ይመዝናሉ። «ሚዛንም እንደ ሰው ነው፤ ወደሚወደው ያዘነብላል። ሁለቱንም ወገን ስሚ» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ምላሳቸው ነው። በየዓመቱ ለማስተማሪያ አንድ ድስት ሳሙና ይሠሩ ነበር። ሳሙናው ሲረጋ «ቢስሚላህ» ይሉና በምላሳቸው ጫፍ ነካ አድርገው ወዲያው ይተፉታል፤ አፋቸውንም ይጉመጠመጣሉ። ተማሪ ሲስቅ «አልበላውም፤ እጠይቀዋለሁ እንጂ» ይላሉ። ሳሙና የሚሠራው ሞራን ኮስቲክ ሶዳ ከሚባለው የሚያቃጥል ነጭ ኬሚካል ጋር አፍልቶ ነው፤ በውስጡ ያልተዋሃደ ሶዳ የተረፈበት ሳሙና ምላስን ይነድፋል፤ ምላስን የሚነድፍ ደግሞ ቆዳን ያቃጥላል። ከወጣትነታቸው የተረፈ ነጭ ጠባሳ በምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበራቸው፤ ለየክፍሉ እያወጡ ያሳዩት ነበር። በኋላ አብዮቱ ሁለት ጊዜ አሰራቸው፤ ሁለቴም ወጡ፤ እስር ቤት ሳሉም ከሰል ይዘው ግድግዳ ላይ ያስተምሩ ነበር ይባላል። ሸምግለው፣ በልጆቻቸው ተከበው፣ እዚያው መካነ ሰላም አረፉ። መጨረሻቸውን አስቀድሜ የተናገርኩት ሰው ለሳቸው እንዳይሰጋብኝ ነው።

ሞል የሚባለው ነገር የገባኝ ከሳቸው ክፍል ኋላ ወንበር ተቀምጬ ነው።

«በሬህን ትቆጥረዋለህ?» አሉ አንዱን ተማሪ።

«አዎ ጋሼ።»

«ጤፍህንስ?»

«ጤፍማ ይመዘናል፣ ይሰፈራል እንጂ ማን ይቆጥረዋል?»

«ኬሚስትሪ ማለት እንግዲህ ጤፍ የሚቆጥር ሰው ሥራ ነው። በእጅ አይቆጠርምና በሚዛን እንቆጥረዋለን። ሞል ክብደት አይደለም፤ ቁጥር ነው።»

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ቀንበር ሣሉ። አንድ ቀንበር ሁለት በሬ ይፈልጋል፤ ሁለት ለአንድ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ምን ያደርጋል? ልጆቹ ባንድ አፍ «ይቀናጃል» አሉ። መቀናጆ የአገራችን ደንብ ነው፤ እንደሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር በሬያቸውን አጣምረው በየተራ ያርሳሉ። «አምስት ቀንበርና ስድስት በሬ ቢኖረን ስንት ጥማድ ይወጣል?» ይሉና፣ ልጆቹ «ሦስት» ሲሉ «ሁለቱ ቀንበርስ?» ይላሉ። «ሥራ ፈት ይሆናል» ይላሉ ልጆቹ። ምርቱን የሚወስነው ቀድሞ የሚያልቀው ነው። የትኛውንም ስሌት ከመጀመራችን በፊት በጠመኔያቸው ሰሌዳውን ኳ አድርገው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ስንት ለስንት?»

ስድሳ ስድስት ላይ፣ በድርቁና በረሃቡ ጊዜ፣ ያ ምሳሌ ሞተ። ወንበሮቹ በየሳምንቱ ባዶ እየሆኑ ነበር። ጋሽ ይመር እንደ ወትሯቸው ቀንበሩን ሥለው «ስንት በሬ አላችሁ?» ሲሉ፣ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ «አሁን በሬ የለንም ጋሼ» አለቻቸው። ማልቀሷ አልነበረም፤ የተጠየቀችውን መመለሷ ነው። ጋሽ ይመር ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ከዚያ ቀንበሩን በመዳፋቸው አጥፍተው ክፍሉን አሰናበቱና «ዘነቡ፣ ነጠላሽን ልበሽ፣ አብረን እንሂድ» አሉኝ።

የወሰዱኝ ከከተማው ዳር ወዳለው መጠለያ ነው። ከምሥራቅም ከቆላውም እህል ፍለጋ የመጣ ሰው አንድ መጋዘንና ጥቂት ድንኳን ውስጥ ተጠግቶ ነበር። ያየሁትን ሁሉ አልጽፈውም። በሽተኞቹን የሚያክመው የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ በር ላይ አገኘንና ያለ ሰላምታ ጀመረ። «እህል የደረሰላቸው ሰዎች በተስቦ እየሞቱብኝ ነው። ቅማሉ ነው የሚያመላልሰው። ማገዶ አለኝ፣ ሙቅ ውኃ አለኝ፤ ሳሙና የለኝም። የላኩልኝ መኪና የት እንደቀረ አላህ ይወቀው» አለ። ስሙ የክርስቲያን ነው፤ አላህን የሚጠራው የወሎ ልጅ ስለሆነ ነው።

ጋሽ ይመር ማጽናኛ አልተናገሩም። «ኮስቲክ ሶዳ ስንት ጠርሙስ አለን?» ብለው እኔን ጠየቁኝ። ባለ ግማሽ ኪሎው አምስት ጠርሙስ ነበረን፤ አንዱ ተነክቷል። ተመልሰን ሁለት ጊዜ መዘንነው፤ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም።

እንግዲህ ስሌቱ ይኸውና፤ ወጣቱ ባልደረባዬ በስልኩ ይፈትሸው። አንድ ሞል ሞራ ሦስት ሞል ሶዳ ይፈልጋል፤ ሦስት ሞል ሳሙናና አንድ ሞል ግሊሰሪን ይሰጣል። በግራም ሲመዘን ስምንት መቶ ዘጠና ሞራና መቶ ሃያ ሶዳ ገብቶ፣ ዘጠኝ መቶ ዐሥራ ስምንት ሳሙናና ዘጠና ሁለት ግሊሰሪን ይወጣል። በግራ በኩልም በቀኝ በኩልም አንድ ሺህ ዐሥር ነው፤ የጠፋ የለም፣ የተጨመረም የለም። የእኛ ሶዳ ስድሳ ሞል ነው። ለስድሳ ሶዳ ሃያ ሞል ሞራ ይበቃል፤ ይህም ዐሥራ ሰባት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም። ከዚህ የሚወጣው ሳሙና ዐሥራ ስምንት ኪሎ ከሦስት መቶ ስድሳ ግራም ነው።

«ሞራ ሁሉ እኮ ስቴሪን አይደለም» አልኳቸው፤ ስምንት መቶ ዘጠናው ስቴሪን የሚባለው የአንዱ ዓይነት ቅባት ክብደት ብቻ መሆኑን ከመጽሐፍ ማንበቤን ለማሳየት።

«አይደለም። ከስቴሪን ትንሽ ቀለል ይላል። እንደ ስቴሪን ከቆጠርነው የምንጨምረው ሶዳ በጣም ትንሽ ያንሳል፤ ጥቂት ሞራም ሳይዋሃድ ይተርፋል። የተረፈ ሞራ ቆዳን አይጎዳም። ስትሳሳቺ ሁልጊዜ ወደ ደጉ በኩል ተሳሳቺ» አሉኝ።

ሰው እየተራበ ሞራ ለሳሙና መሰብሰብ የሚያስወቅስ ነው። ስለዚህ የለመንነው የሚበላውን አልነበረም፤ ሽታ የጀመረ፣ ለጠፍር ማለስለሻና ለኩራዝ የተቀመጠውን ነበር። የመጠለያው ኮሚቴ ሽማግሌዎች፣ ቄስ ወልዴና ሸህ ሙሄ፣ እያንዳንዳቸው በየወገናቸው ቤት ለቤት ሊያስለምኑ ቃል ገቡ። በማግስቱ ጋሽ ይመር ለመምህራን ስብሰባ ወደ ደሴ ተጠሩ። የካቲት ነበር፤ አገሩ መናወጥ ጀምሯል፤ መምህሩም ወታደሩም ባለታክሲውም አቤት እያለ ነው። ጭነት መኪናው ላይ ሊወጡ ሲሉ ወደኔ ዞሩ። «አብሽሪ ዘነቡ፣ ስሌቱን ታውቂዋለሽ። ሲያልቅ ግን ጠይቂው» ብለው የምላሳቸውን ጫፍ በጣታቸው ነኩ።

ሞራው መጣ። ከሙስሊሙ ሠፈር የመጣው ብዙ ነው፤ ከክርስቲያኑ ትንሽ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ክርስቲያኑ ማረድ አቁሟልና የቀረው የቅበላው ትርፍራፊ ብቻ ነበር። አነጠርኩት፣ አጠለልኩት፣ በሁለቱም ሳህን መዘንኩት። ከአንዱ ወገን ዐሥራ ሦስት ኪሎ ከሦስት መቶ ሃምሳ፣ ከሌላው አራት ኪሎ ከአራት መቶ ሃምሳ፤ ሲደመር ልክ የፈለግነው ሆነ። ደብተሬ ላይ ድምሩን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ችግሩ የመጣው ሳሙናው የሚፈላበት ትልቅ ድስት፣ ጎላው፣ ሲጣድ ነው። ለማማሰል ከመጡት ሴቶች አንዷ «እቴ፣ ይህ ሞራ የማን ቢላ ያረደው ነው?» አለችኝ። ሌላዋም ወዲያው ማማሰያዋን አስቀመጠች። በእኛ አገር እስላም ክርስቲያኑ በሠርግም በለቅሶም አንድ ነው፤ ይዋለዳል፣ ይጋባል። እርድ ላይ ግን ይለያያል፤ ለእንግዳው ብሎ ሌላ ቢላ ያስጠራል እንጂ አይቀላቅልም። መጠለያውም ውስጥ ልጄን በሌላው ሞራ አላጥብም የሚል እንደሚኖር ገባኝ። እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ለየወገኑ ሞራ አንድ አንድ፣ ሁለት ጎላ አስጣድኩ።

የቀረው ሶዳውን ማካፈል ነው። ቄስ ወልዴ በዚህ በኩል፣ ሸህ ሙሄ በዚያ በኩል ቆመው ያዩኛል፤ ከኋላቸው ሰው። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ላንዱ አድልታለች ተብዬ እንዳልታማ ፈራሁ። ሶዳውን በሁለት እኩል ጣሳ አድርጌ ጣሳዎቹን በሁለቱ ሳህኖች ላይ አስቀመጥኩና ሚዛኑ ቀጥ እስኪል ድረስ ከዚያ ወደዚህ፣ ከዚህ ወደዚያ አመላለስኩ። ሚዛኑ ቀጥ አለ። ሸህ ሙሄ «ይህ ሐቅ ነው» አሉ፤ ቄሱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ዕለት በራሴ እንደኮራሁ ኮርቼ አላውቅም።

አንባቢዬ ምናልባት ከእኔ ቀድሞ አይቶታል። እኔ ያላየሁት ፍርዱ ስላማረኝ ነው።

የሙስሊሙ ጎላ ለስላሳ፣ ቅባታም፣ ግራጫ ሳሙና ሰጠ። የክርስቲያኑ ነጭ፣ ጠንካራ፣ በቢላ ሲቆረጥ የሚፈረካከስ። ሞራው ጥሩ ቢሆን ነው አልኩ። የጋሽ ይመር ትእዛዝ አልጠፋኝም። ነጩን ቁራጭ አንስቼ ወደ አፌ አስጠጋሁት። ያኔ ጾሙ ትዝ አለኝ፤ በሁዳዴ ሞራ በምላሴ ልነካ ነው። ሌላውንማ ጾም ባይሆንም እንዴት አድርጌ እነካዋለሁ? ቁራጩን መለስኩት። እግዜር የሚያዝንብኝ ሞራ ብነካ መስሎኝ ነበር።

ይመኙሻል የምትባል ሴት ነበረች። ከቆላው ከአማቷ ጋር የመጣች፣ ማንን ማንን እንደቀበረች ጠይቄያት የማላውቅ። ጥጥ ትፈትል ነበር። የከተማው ሴቶች ጥጥ ይሰጧታል፣ ክሩን ይወስዳሉ፣ በምትኩ እህል ይሰፍሩላታል፤ እሷና አሮጊቷ ያሉት በዚያ ነው። በትርፍ ሰዓቷ የታመመ ሰው ታጥባለች፤ ማንም አላዘዛትም። ነጩን ሳሙና መጀመሪያ የወሰደችው እሷ ናት። ደግነቱ በሰው ገላ ሳይሆን በታማሚዎች ልብስ ጀመረች። ከጠዋት እስከ ቀትር ስታሽ ዋለች። ድሬሰሩ ሲያያት የሁለት እጇ ጣቶች ቆዳ ተገፏል።

«ሲለበልብሽ ለምን አላቆምሽም?» አልኳት።

«ሳሙና ይዤ አላውቅም እቴ። እንዲህ ነው ብዬ» አለችኝ።

ጣቶቿ በኋላ ድነዋል። እስከ ክረምቱ ድረስ ግን አልፈተለችም፤ ከዚያም በኋላ እንደ ድሮው ቀጭን ክር ማውጣት አልቻለችም። እንደዚያ የፈተለ እጅ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም።

በማግስቱ መጠለያው ተለወጠ። የክርስቲያኑ ሳሙና ሥጋ ይበላል፣ የሙስሊሙ ቅባት እንጂ ሳሙና አይደለም ተባለ። አንዱ ሌላውን አንድ ነገር ጨምሮበታል ብሎ ጠረጠረ። ሰው ከሳሙናው አልፎ ሙቅ ውኃውንም ፈራው። ድሬሰሩ ያን ቀን ሁለት ሰው ቀበረ፤ እኔን ቀና ብሎም አላየኝም።

ጋሽ ይመር ሳሙናው በተቆረጠ በአራተኛው ቀን መጡ። መኪናው አቀስታ ላይ ተሰብሮ የቀረውን መንገድ በበቅሎ ነው የመጡት። አቧራቸውን ሳያራግፉ ላቦራቶሪ ገቡ። እኔ የሥራ መልቀቂያ ጽፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነበር። አነበቡትና ገልብጠው በጀርባው የሚጽፉበት ወረቀት አደረጉት።

«ሁለቱንም አምጪልኝ» አሉ።

ቅባታሙን በምላሳቸው ነኩ፤ ምንም። ነጩን ነኩና ፊታቸው ተጨማደደ፤ ተፉት፣ በውኃ ተጉመጠመጡ፣ ሦስት ጊዜ። «ይህኛው ቁጡ ነው» አሉ። ከዚያ ጠመኔ አንስተው ሰሌዳውን ኳ አደረጉ።

«ስንት ለስንት?»

«ሦስት ለአንድ።»

«ለየትኛው ጎላ?»

ያኔ ገባኝ። ለሙስሊሙ ጎላ ዐሥራ አምስት ሞል ሞራ፣ ለክርስቲያኑ አምስት፤ ለሁለቱም ግን ሠላሳ ሠላሳ ሞል ሶዳ ሰጥቻለሁ። አምስቱ ሞራ ዐሥራ አምስት ሶዳ ብቻ ነበር የሚፈልገው። ሌላው ዐሥራ አምስት ሶዳ ሥራ ፈትቶ ሳሙናው ውስጥ ተቀምጧል።

«ሞራ ያጣ ሶዳ ዝም ብሎ አይቀመጥም ዘነቡ። ሞራ ይፈልጋል። የሰውም ቆዳ ቅባት አለው» አሉኝ። አልተቆጡም። ብቻ «ደሴ ከተማ ሰዉ ሁሉ እኩል ይሁን እያለ ነው፤ ደግ ነገር ነው። አንቺ ግን ከሳሙና ጀመርሽው» አሉ። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ከዚያ በወረቀቴ ጀርባ ላይ የኔኑ ድምር ጻፉ። ሃያ ሞል ሞራ፣ ስድሳ ሞል ሶዳ። «ድምርሽ እኮ ልክ ነው። የጎደለ የለም፣ የተረፈም የለም። ያለቦታው ነው የቆመው» አሉ። ሌላ ሶዳ የለም፣ ሌላ ሞራ የለም። መድኃኒቱ ሁለቱን ሳሙና አንድ ጎላ ውስጥ ጨምሮ እንደገና ማፍላት ነው። ግን ያ ማለት ሁለቱን ቢላ መቀላቀል ነው።

ሽማግሌዎቹ ከመጠለያው ደጅ ተቀመጡ፤ የሚችል ሰው ሁሉ ዙሪያውን ቆመ። ጋሽ ይመር እኔን ወደፊት ገፉኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ ሞል ልበል ሶዳ ልበል ጠፋኝ። መጨረሻ ሞራውን በሬ፣ ሶዳውን ቀንበር አደረግሁት። «ስምንት በሬና አራት ቀንበር አለ እንበል። ስድስቱ በሬ እነሸህ ሙሄ ዘንድ ነው፣ ሁለቱ እነቄስ ወልዴ ዘንድ። እኔ ቀንበሩን ሁለት ሁለት አካፈልኩ።»

ሸህ ሙሄ ጢማቸውን ያዙ። «እኛ ዘንድ ሁለት በሬ ቀንበር አጥቶ ቆመ» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«እነሱ ዘንድ አንድ ቀንበር በሬ አጥቶ ተጋደመ።»

«አዎ። ያ የተጋደመው ነው ይመኙሻልን ያቃጠላት።»

«ታዲያ ይህማ መቀናጆ ነው የሚፈልግ» አሉ ሸህ ሙሄ፤ የገዛ አፋቸው ያወጣውን ሰምተው ወደ ቄስ ወልዴ ዞሩ። ተማሪዎቼ አንድ ወር የፈጀባቸውን በአንድ ትንፋሽ ጨርሰውት ነበር።

ቄስ ወልዴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከዚያ ለጋሽ ይመር አንድ ጥያቄ አቀረቡ፤ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች እሱን የሚያህል አላገኘሁም። «ይመር፣ ሞራ ሳሙና ከሆነ ወዲያ ሞራ ነው?»

«አይደለም አባ። ተለውጧል። ተመልሶ ሞራ አይሆንም፤ የማን እንደነበረም አይለይም።»

«እኛም ዘንድ የተለወጠ ነገር ፍርዱም ይለወጣል የሚሉ ዐሊሞች አሉ» አሉ ሸህ ሙሄ ቀስ ብለው።

«እንግዲያው ጣዱት» አሉ ቄሱ።

ቁራጮቹን ሰብስበን፣ ፈርፍረን፣ ውኃ ጨምረን ትልቁን ጎላ ጣድነው። ከጠዋት ጀምሮ በተራ አማሰልን፤ ማማሰያዋን ያስቀመጠችው ሴት መጀመሪያ ያዘችው። ከቀትር በኋላ ወፍራም፣ እኩል፣ ገንፎ የመሰለ ሆነ። ሳጥን ውስጥ ገልብጠን አረጋነው፤ በማግስቱም ቆረጥነው። ሰው ተሰብስቦ ያያል፤ የሚጠጋ ግን የለም። ጋሽ ይመር አንድ ቁራጭ አንስተው ለእኔ ሰጡኝ።

«ዛሬ የምትጠይቂው አንቺ ነሽ» አሉ።

ቄስ ወልዴን አየኋቸው። «አባ፣ ጾም ነው» አልኩ።

«የዚያችን ልጅ እጅ አይቻለሁ» አሉኝ። «ጠይቂውና ትተፊዋለሽ። ቀሪውን ለኔ ተይው።»

ዓይኔን ጨፍኜ ምላሴን አወጣሁና ነካሁት። እስከ አምስት ቆጠርኩ። የሳሙና ጣዕም ብቻ ነበረ። የሚነድፍ ነገር የለም። ተፋሁት፣ ተጉመጠመጥኩ፣ ሦስት ጊዜ። «አይነድፍም» አልኩ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ድሬሰሩ ሙቅ ውኃውን ይዞ ቆሟል። ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። ከዚያ ከመጋዘኑ በር በኩል ይመኙሻል መጣች፤ ሁለት እጇ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ አማቷ ክንዷን ይዛት። እፊቴ ደርሳ ቆመች።

«እቴ፣ ከዚህ ሁሉ አንዷን ስጭኝ» አለች።

ከሳጥኑ አዲስ ቁራጭ ላነሳላት ጎንበስ ስል «እሷን አይደለም» አለችኝ። በተጠቀለለ እጇ ወደ መዳፌ አመለከተች። «ያችን፣ በምላስሽ የነካሻትን። እጄ አይችልም፤ አንቺው ራሴን እጠቢኝ።»

ሻሿን አማቷ ፈታችላት። ተንበርክካ አንገቷን ዘንበል አደረገች። ድሬሰሩ ውኃውን ቀስ ብሎ አፈሰሰ፣ እኔም ያችኑ ቁራጭ ይዤ ፀጉሯን ማሸት ጀመርኩ። አረፋው ወጣ። ጋሽ ይመር ከአጠገቤ ቆመው በሹክሹክታ ውኃውን ይቆጥራሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀና ስል አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ከይመኙሻል ኋላ ቆማለች፤ ከሷም ኋላ ሌላ።